ሁለት ሚሊ

ማክሰኞ አመሻሽ ላይ ኡርጌ ቀሚስ ይዛ መጣች፣
ከሞረዱና ከጉጠቱ መሃል ዘርግታ አሳየች።
ነጭ ነው፤ የሰው ነው፤ ለቅዳሜ ሠርግ ነው፤
ከወገቡ በታች ስንዝር የተቀደደው።
«ያንተ ብሎን» አለች። ሌላ ቃል አልጨመረች።
ስድስት ሚሊ ብቅ ያለች አንዲት ብሎን ነበረች።

ሱቋ ስድስት ላሜራ ነው፣ በጣት ቢነኩት የሚያወራ፤
ጧት ይገጠማል፣ ማታ ይፈታል በየተራ።
ቋሚ ቤት አይፈቀድም ብሏታል ቀበሌው፤
እናም ፍራንኮ አስፋልት ዳር፣ ከባጃጆቹ ሰልፍ ጎን፣
ቀን ቀን ቤት የሚሆን፣
ማታ ማታ ሸክም የሚሆን።

አባቴ ቱፋ ቢኖር በሳቀብኝ ነበር።
ለሱ ብረት ማለት ውፍረት ነበር፤
«በየደውና ተገላገል፤ የተበየደ አይከዳም።»
እውነቱን ነው። ግን የተበየደ ማታ አይፈታም።
ቦኩ መውጫ ላይ እሱ የሠራው በር ዛሬም ቆሟል፤
ቤቱ ከፈረሰ አምስት ክረምት አልፎታል።
ማንንም አያስገባም፣ ማንንም አያስወጣም፣
ብቻ ተዘግቷል።

ካርቶን ቆርጬ ጀመርኩ።
ሁለት ሚሊ ነው ለራሴ የፈቀድኩት፤
ከዚያ በላይ ቀና ያለ ሁሉ ክር ይለምናል።
መወርወሪያ አልሆነም፤ አንገቱ ብቻ አራት ሚሊ ነው።
ማግኔት ሞከርኩ፤ በሁለት ቀን
የሱቄን የብረት ብናኝ ለቃቅሞ ጢም አበቀለ።
ከአሮጌ መጋዝ ምላጭ ሞላ ቆረጥኩ፣
ጫን ሲሉት «ቀጭ» ይላል፤
በዚህ «ቀጭ» አንድ ሌሊት በደስታ ሳልተኛ አደርኩ።

በሳምንቱ ሐሙስ ነፋሱ መጣ።
የአዳማ ነፋስ ሰላምታ አያውቅም፤
ኮረብታው ላይ ነጫጭ ክንፎቹ ሲጣደፉ አይቼ
ወደ ፍራንኮ ሮጥኩ፣ አልደረስኩም።
ላሜራው ሆዱን ነፋ፣ ሞላው ወደ ውጭ አጎነበሰ፣
የኋላው ግድግዳ ተነስቶ ባጃጅ ጣሪያ ተንተራሰ።
ሾፌሩ ያለኝ እዚህ አይጻፍም።

ኡርጌ ግን አልጮኸችም። ሥራ አላት።
(ቀሚሱንም በአዲስ ጨርቅ ለቅዳሜው አድርሳዋለች፤
እንዴት እንደሆነ አልጠየቅኩም።)
ከኔ ሱቅ በርጩማ ላይ ቁጭ ብላ
በወንድ ሱሪ ወገብ አንዲት ጠፍጣፋ ነገር ትሰፋለች፣
ከጥፍሯ የማትወፍር።
«ምንድን ናት?»
«መንጠቆ ናት። ሰውዬው ሲጠግብ እንዳትለቅ።»
«ሆዱ ሲገፋትስ?»
«ይበልጥ ትይዛለቻ!» አለች፣ ክሩን በጥርሷ በጥሳ፣
እንደ ሕፃን እያየችኝ።

ሃያ ዓመት ሙሉ ስስ ከስስ ስታጋጥም ኖራለች፤
እኔ ውፍረት ስፈልግ
አጠገቤ በርጩማ ላይ መልሱን ትሰፋለች።

ያን ሌሊት ሌላ ብረት አልጨመርኩም።
ከራሱ ከላሜራው ምላስ ፈልቅቄ አጠፍኩ፣
በጎረቤቱ ላይ ቀጭን አፍ ሰነጠቅኩ፤
ምላሱ ይገባል፣ ዝቅ ይላል፣ ይጠልፋል፤
ነፋስ በጎተተው መጠን ይጠብቃል።
ለመፍታት በሁለት ጣት ወደ ላይ ማንሳት ነው፤
ነፋስ መግፋት እንጂ ማንሳት አያውቅምና።
(አዙሪት የመጣ ቀን እናያለን።)

በካሊፐር ለካሁት፤ አንድ ነጥብ ዘጠኝ።
የሚሊ አንድ አሥረኛ ተረፈኝ፤
ለቀለም ትሁን አልኩ።

ኡርጌ ማታ መጣች፣ መብራት በሄደበት ሰዓት፤
ከቦርሳዋ የሐር ቁራጭ አውጥታ
መጋጠሚያው ላይ ከላይ እስከ ታች ጎተተችው፣
አንዴ፣ ሁለቴ፣ በስድስቱም ላሜራ።
ሐሩ የትም አልቆመም።
«የቱ ጋ ነው?» አለች፣ በመዳፏ እየፈለገች።
ዝም አልኩ። ትፈልገው።

ከዚያ ሒሳብ ሠራን።
ከሥራዬ ዋጋ ላይ የቀሚሱን ጨርቅ ቀነሰች፣
ሁለት ሜትር ተኩል፣
ለስድስት ሚሊ ጥፋት፤
አንዲት ሳንቲም አልማረችኝም።